ከታደሰች በኋላ የታመመችው ሞተር ብስክሌት

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



ለዚህ ዓመት መጽሔት ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ምን ልጻፍ እያልሁ ብዙ አሰብሁ። ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ እናት ውለታና ስለ አገር ፍቅር ያማረ ግጥም እንደሚያቀርቡ ዐውቃለሁ። እኔ ግን የግጥም ስጦታ የለኝም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት በቤታችን የሆነውን ነገር መነሻ አድርጌ፥ ደኅና ስትሠራ የነበረች አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከታደሰች በኋላ ለምን እንደምትታመምና ሕመሟም በምን ሥርዓት እንደሚፈለግ በአጭሩ ለመግለጽ ወደድሁ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ለሰው ነገር ብቻ ሳይሆን ለሞተርም የሚሠራ መሆኑን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ሕመሟ እንዴት እንደ ጀመረ

አባቴ በደብረ ብርሃን አካባቢ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እየተዘዋወሩ በግና ከብት መከተብ ነው። ክትባቱ የሚጓዘው በበረዶ ሣጥን ነው፤ በረዶው ከቀለጠና ክትባቱ ከሞቀ ዋጋ የለውም። ገበሬውም በጎቹን ሰብስቦ የሚጠብቀው በተቀጠረው ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ መንገድ ላይ የምትቆም ሞተር ብስክሌት አባቴን የምታደክም ብቻ ሳትሆን የብዙ ሰው በግ ሳይከተብ የምታስቀር መሆኗን ልብ በሉ።

የአባቴ ሞተር ብስክሌት ሆንዳ ሲ ጂ 125 የምትባለው ዓይነት ስትሆን፥ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ይህ ዓይነት ሞተር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ነው። የታሰበውም መንገዱ አስቸጋሪ፥ እድሳቱም ጥቂት በሆነባቸው አገሮች እንዲያገለግል ነው። ስለዚህ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ካም ከላይ በሰንሰለት የሚዞር ሳይሆን፥ ከታች ተቀምጦ በሁለት ቀጫጭን ዘንጎች እየገፋ የሚያስከፍት ነው። ሞተሯ በጥንካሬዋ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን የትኛውም ጥንካሬ ከሰው ስሕተት ሊያድናት አይችልም።

በሐምሌ ወር ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አባቴ ሞተሯን ለማሳደስ ወሰኑ። ቫልቩንና ፑንቲናውን በከተማው የሚገኝ አንድ ወጣት መካኒክ አስተካከለ። የቀረውን ግን ገንዘብ ለመቈጠብ ሲባል እኔ በግቢያችን እንድሠራ ተፈቀደልኝ። እኔም፥

1ኛ/ የሞተሩን ዘይት ለወጥሁ፤

2ኛ/ አዲስ ካንዴላ አስገባሁ፤

3ኛ/ የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አጥቤ ዘይት ቀባሁት፤

4ኛ/ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብሁ፤

5ኛ/ ታንኩን ከውጭ አጥቤ ወለወልሁት።

ሥራዬን ስጨርስ ሞተሯን አስነሣኋት። በግቢ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል በሚኒሞ ስትሠራ ቈየች፤ አንድም ጊዜ አልጠፋችም። ትንሽ ጥቁር ጢስ ብታወጣም የታጠበችበት ውሃ ነው ብዬ ናቅሁት። በማግሥቱ አባቴ ታንኩን እስከ አፉ አስሞልተው፥ የክትባቱን ሣጥን ከኋላ አስረው ተነሡ። ከከተማው ወጥተው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ሞተሯ ሳለች፤ ደከመች፤ ከዚያም ጠፋች። ዐሥር ደቂቃ ቈይተው ቢያስነሧት ተነሣች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ጠፋች። በመጨረሻ ዝናብ ስለ መጣ ሣጥኑን በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ጭነው ላኩ፤ እርሳቸውም ሞተሯን እየገፉ ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡ። በዚያን ዕለት የተሰበሰቡት በጎች ሳይከተቡ ተበተኑ።

አባቴ ልብሳቸውን እየቀየሩ፥ «ይህ መካኒክ ቫልቩን አበላሽቶብኛል፤ ነገ ገንዘቤን ይመልሳል፤ አለዚያ በሽማግሌ እጠይቀዋለሁ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «አንተስ ሌላ የነካኸው ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ከላይ የቈጠርኋቸውን አምስቱን ነገርኋቸውና፥ «ከዚህ ሌላ ምንም አልነካሁም አባባ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር፥ ጥፋቱ በመካኒኩ ላይ በመውደቁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሞተር ለመሥራት ምን ያስፈልገዋል?

ፍለጋውን ከመግለጤ በፊት ስለ ሞተሩ አሠራር ጥቂት ማስታወስ ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ሞተር በአራት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ቀጥሎ ወደ ላይ ሲወጣ ሁለቱን ያምቃል፤ በሦስተኛው ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ነዳጁ ነዶ ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል፤ በአራተኛው የተቃጠለው ጢስ በማርሚታ ይወጣል። ስለዚህ ሞተር የሚፈልገው አራት ነገር ነው፤ ይኸውም ተመጣጣኝ አየር፥ ተመጣጣኝ ቤንዚን፥ ደኅና እምቅታና በጊዜው የሚሰጥ እሳት ነው። ሞተር ሲታመም ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ጐድሏል ማለት ነው።

አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ከተማችን ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየራችን ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቈላ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር በእኛ ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል። በዚህ ላይ የአየር መግቢያው ጥቂት እንኳ ቢታፈን ሞተሩ ወዲያውኑ ይደክማል፤ ጥቁር ጢስም ያወጣል።

የፍለጋው ሥርዓት

አንድ ሞተር በራሱ ጊዜ አርጅቶ ሲታመም የማናውቀውን ጥፋት እንፈልጋለን። ከእድሳት በኋላ ሲታመም ግን መፈለግ ያለብን የራሳችንን እጅ ነው። ትላንት ደኅና ነበረች፤ ዛሬ ታመመች፤ በመካከሉ የሆነው ነገር የእኛ እድሳት ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ካርቡራተር ለመግዛት ወይም ሰው ለመክሰስ ከመነሣት በፊት የተነካውን ሁሉ አንድ በአንድ መልሶ ማየት ይገባል።

በመጀመሪያ ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ። ካንዴላ ለሞተር እንደ ምላስ ነው፤ ሐኪም የበሽተኛውን ምላስ እንደሚያይ መካኒክም ካንዴላውን ያያል። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። የእኛው አዲሱ ካንዴላ በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ምጣድ ሥር ጠቁሮ አገኘሁት። ከነካኋቸው ነገሮች ውስጥ አየርን የሚመለከተው ማጣሪያው ስለ ሆነ ወዲያው ከፈትሁት። ስፖንጁን በእጄ ብጨምቀው ዘይቱ ተንጠባጠበ! ዘይት የሚቀባው አቧራ እንዲይዝ ነው፤ ከተቀባ በኋላ ግን በደንብ ተጨምቆ እርጥበቱ ብቻ መቅረት አለበት። እኔ «ከበዛ ይሻላል» ብዬ ዘፍቄው ነበር። በሳሙና ውሃ አጠብሁት፤ አደረቅሁት፤ ጥቂት ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ጨመቅሁት። ካንዴላውንም አጸዳሁ። ከዚህ በኋላ ጥቁሩ ጢስ ጠፋ፤ ጕልበቷም ተመለሰ። አባቴ ግን በማግሥቱ ቢሞክሯት ያው ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዳ ጠፋች። ከዚህም አንድ ነገር ተማርሁ፤ አንድ ጥፋት ማግኘት ሌላ ጥፋት አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቫልቩ ነበር። ለመለካት የሚያስፈልገው ስስ የብረት መለኪያ በቤታችን ስላልነበረ ወደ መካኒኩ ሄድሁ። አባቴ በእርሱ ላይ የተናገሩት ደርሶት ኖሮ ፊቱ ጠቁሯል። «ጋሼ፥ የክፍተት መለኪያውን ቢያውሱኝ» አልሁት። እርሱም ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጠኝና፥ «ውሰድ፤ እኔ ሳልኖር ራስህ ለካው። ከ0.08 ሚሊ ሜትር ዝንፍ ካለ ገንዘቡን እመልሳለሁ» አለኝ።

የቫልቭ ክፍተት ያስፈለገበት ምክንያት ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እምቅታው ይሾልካል፤ ቫልቩም ይቃጠላል። ከሰፋ ደግሞ ታክ ታክ የሚል ድምፅ ያሰማል። የሚለካውም ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፥ ፒስተኑ በእምቅታ ጊዜ ጫፍ ላይ ሲደርስና ሁለቱም ቫልቮች ሲዘጉ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን አሳድሬ በማለዳ ለካሁ። ሁለቱም ልክ 0.08 ነበሩ። መለኪያውን በእጄ እንደ ያዝሁ ቈሜ ቀረሁ፤ ለካስ የተከሰሰው ሰው ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ ኖሯል!

በሦስተኛ ደረጃ እሳቱን መረመርሁ። ሞተሯን ከከተማው ዳር ድረስ አስሄድናትና እንደ ጠፋች ካንዴላውን ፈትቼ፥ ከቤንዚን በራቀ ቦታ ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቼ አባቴ መርገጫውን ቢመቱት ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። ፑንቲናውም ደኅና ነበር ማለት ነው።

የቀረው ቤንዚኑ ነው። ይህች ሞተር የቤንዚን ፓምፕ የላትም፤ ቤንዚኑ ከታንኩ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ነው። ወደ ቤት ገፍተን ከመለስናት በኋላ ሞተሯ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ከዚያም ላስቲኩን ከካርቡራተሩ ነቅዬ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ አስገባሁና መክፈቻውን ከፈትሁ። ቤንዚኑ በመጀመሪያ ጥሩ አድርጎ ወረደ፤ የቡና ስኒ ግማሽ ያህል እንደ ወረደ ግን ቀጠነ፤ ቀጥሎም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ታንኩ ሙሉ ነው፤ ላስቲኩም አልታጠፈም። ምናልባት ውስጡ ቈሻሻ ይኖራል ብዬ ክዳኑን ስከፍት «ፉስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያውም ቤንዚኑ እንደ ቧንቧ ወረደ።

ክዳኑን ገልብጬ ባየሁት ጊዜ ደሜ ቀዘቀዘ። ከሥሩ በአራት የታጠፈ ፌስታል ተለጥፎበታል። ታንኩን ባጠብሁ ዕለት የክረምቱ ዝናብ እንዳይገባ ብዬ በገዛ እጄ ያደረግሁት ነበር። «ሥራ» ብዬ ስላልቈጠርሁት አባቴ ሲጠይቁኝ ትዝ እንኳ አላለኝም።

ፌስታሉ ሞተሯን ስለ ምን አቆማት?

በክዳኑ ላይ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ሲወርድ በእርሱ ፈንታ አየር የሚገባው በእርሷ ነው። አየር ካልገባ በታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ከውጭ ያለው የአየር ግፊትም በላስቲኩ በኩል ቤንዚኑን ወደ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ሮበርት ቦይል በ1662 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ያሳተመውና በፊዚክስ ትምህርታችን የተማርነው ሕግ፥ የታፈነ አየር መጠኑ ሲሰፋ ግፊቱ በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ያስረዳል። በዚህ ሕግ እንደሚከተለው አሰላሁት።

በደብረ ብርሃን የአየር ግፊት 72 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ከታንኩ እስከ ካርቡራተሩ ያለው የቤንዚን ከፍታ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሚሰጠው ግፊት 1.8 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ይህም የ72 አርባኛ እጅ ነው። እንግዲህ በታንኩ ውስጥ ያለው አየር በአርባኛ እጅ ከሰፋ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል ማለት ነው። ታንኩ ሞልቶ ከላይ የቀረው አየር አንድ ሊትር ብቻ ከሆነ አርባኛው 25 ሲሲ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ለምትጠጣ ሞተር ይህ የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ነው። በካርቡራተሩ ኩባያ ውስጥ የምትገኘው ጥቂት ቤንዚን ስትጨመርበት አባቴ የቆሙበት ቦታ ይደርሳል። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ግን ከላይ ያለው አየር ስምንት ሊትር ቢሆን አርባኛው 200 ሲሲ ነው፤ ይህም ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ ለመሥራት የሚበቃ ነው። በግቢ ውስጥ ደኅና የነበረችው በመንገድ ላይ የታመመችበት ምሥጢር ይህ ነው። ዐሥር ደቂቃ ስትቆም የምትነሣውም በፌስታሉ ዳርና ዳር ጥቂት አየር ስለሚሾልክ ነበር።

ፌስታሉን ይዤ ወደ አባቴ ገባሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «መለኪያውን መልስ፤ ፌስታሉንም ይዘህ ሂድ፤ ለእኔ የነገርኸኝን ለእርሱም ንገረው። እኔም ከኋላህ እመጣለሁ» አሉኝ። ከቤታችን እስከ መካኒኩ ሱቅ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። መካኒኩ ሰምቶ ሲጨርስ ፌስታሉን ተቀብሎ አየውና፥ «እኔም ተለማማጅ ሳለሁ የማርሚታ አፍ በጨርቅ ወትፌ ረስቻለሁ» አለኝ። አባቴም ደርሰው ይቅርታ ጠየቁት። በሚቀጥለው ሳምንት በጎቹ ተከተቡ።

ለባለ ሞተሮች የሚሆን ማስታወሻ

ከእድሳት በኋላ የሚታዩ ምልክቶችንና የተለመዱ ምክንያቶቻቸውን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ/ ጥቁር ጢስና የጠቆረ ካንዴላ፤ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል፥ ለብርድ ጊዜ የሚያገለግለው የአየር መዝጊያ ሳይከፈት ቀርቷል፥ ወይም በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ተይዟል።

2ኛ/ ነጭ ካንዴላና ከፍ ዝቅ የሚል ሚኒሞ፤ በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል አየር ይሾልካል፤ ቡሎኖቹ ይጠበቁ፥ ማሸጊያው ይታይ።

3ኛ/ ስትቀዘቅዝ ተነሥታ ስትሞቅ እምቢ ማለት፤ የቫልቩ ክፍተት ጠቧል።

4ኛ/ በማርሚታ በኩል መተኰስ፤ የፑንቲናው ክፍተት ከተለወጠ እሳቱ የሚሰጥበትም ጊዜ ይለወጣልና እርሱ ይለካ።

5ኛ/ ጥቂት ሄዶ መጥፋትና ቈይቶ መነሣት፤ በመጀመሪያ የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ድምፁን አዳምጡ፤ ቀጥሎ የቤንዚኑን መክፈቻና ላስቲኩን ተመልከቱ።

ስትፈቱም ዕቃውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ ደርድሩ። የካርቡራተሩን ማስተካከያ ከመፍታታችሁ በፊት እስኪቆም አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደ ሄደ ጻፉ፤ ስትመልሱም በዚያው ቍጥር መልሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ሞክሩ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው ሞተሯ ብትድን እንኳ በየትኛው እንደ ዳነች አያውቅም። ቤንዚን ባለበት ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ አይቅረብ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሡ፤ ጢሱ ሰው ይገድላል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በእርሱም ላይ የነካችሁትን ሁሉ፥ ትንሽ ነው ብላችሁ የናቃችሁትን እንኳ ሳይቀር ጻፉ። እኔ አምስት ሥራ ቈጥሬ ስድስተኛውን ባለመቈጠሬ አንድ ታማኝ ሠራተኛ ሊዋረድ ነበር። ዛሬ በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው «የታንክ ክዳን፤ ፌስታል» የሚል ነው። ፌስታሉም በዚያው ገጽ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።